ባዶውን የሚዘል መኪና

ከበበው ስለ መኪናው ሲጠየቅ አይዋሽም። ትልቁን ፒካፑን የገዛው አገር ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጅቡቲ ከተማ የውሃ ታንከር፣ ብረትና ሲሚንቶ አመላልሶበታል። ጉልበቱንና ቁመቱን ያመሰግናል፤ ስፋቱን ግን ይረግማል። ኮፈኑ ከፍና ረዘም ያለ በመሆኑ ከፊት ጠጋ ብሎ ጎንበስ ያለ ሰው ጨርሶ አይታይም። ከሁሉም የሚያናድደው ደግሞ ባሌስትራው፣ የኋላ ሞላው ነው። ጭነት ሲኖርበት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ባዶውን ሲሆን ትንሽ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እንደ ፍየል ይዘላል።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ከንጋት ጀምሮ ያለማቋረጥ ዘነበ። ከተማው ዝናብ ብዙ አያውቅምና እስከ እኩለ ቀን መንገዱ ሁሉ ወንዝ ሆነ። ከበበው ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ትግስት ነበረች፤ ካርቲየ 4 በሰው ቤት የምትሠራ የአገሩ ልጅ።

«ጋሼ ከበበው፣ ሰብለወርቅ ወደቀች!» አለች። ሰብለወርቅ አብራት የምትሠራው ልጅ ናት። «ከጣራ ልብስ ልታወርድ ወጥታ ደረጃው አንሸራተታት። ጭኗ ተሰብሯል፤ ደሙም አልቆም አለ። አምቡላንስ ውሃውን አላልፍም ብሏል።»

«ቁስሉን በጨርቅ ጫን ብለሽ ያዢው። እግሯን ከጣውላ ጋር እሰሩት። መጣሁ!»

መንገድ ላይ ትናንሽ መኪኖች ሞተራቸው ጠፍቶ ቆመዋል። ፒካፑ ውሃውን ሰንጥቆ አለፈ። ወደ ትግስት ቤት የሚያስገባው ጠባብ ቅያስ አፍ ላይ ሲደርስ ግን ስፖኪዮዎቹ ታጥፈውም አልገባ አለ። ከበበው መሪውን በቡጢ መታው። የማዕዘኑ ሱቅ ባለቤት ዓብዱረዛቅ ሁኔታውን አይቶ ጎረቤቶቹን በሶማሊኛ ተጣራ። ሰብለወርቅን በጣውላ ተሸክመው አመጡና ከኋላ አጋደሟት። ፊቷ አመድ መስሏል።

ሃያ ሜትር እንኳ ሳይሄድ መኪናው ዘለለ። ጩኸቷ የከበበውን ጀርባ እንደ መርፌ ወጋው። ቆመና ወረደ።

«ውጡ! ሁላችሁም ላይ ውጡ!»

«የተጎዳች ሴት ላይ ሰው ትጭናለህ?» አለ ዓብዱረዛቅ በተሰባበረ አማርኛ።

«በጎንና በጎኗ ተቀመጡ። መኪናው ካልከበደ ይዘላል፤ ከዘለለ ትሞትብናለች።»

ዓብዱረዛቅ ነገሩ ገባውና ወደ ሱቁ ሮጠ። የሩዝ ጆንያዎች መኪናው ላይ ወጡ፤ ስምንት ጎረምሶች ስፖንዳው ዳር ተደርድረው ተቀመጡ። ትግስት የጓደኛዋን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። መኪናው ከኋላው ዝቅ አለ። ከበበው ሲነሳ መኪናው ከቶ አልዘለለም።

ከዋናው መንገድ በፊት ውሃው ጎማውን ዋጠው። እዚያ አካባቢ ክዳን የሌለው ቦይ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ የት ጋ እንደሆነ ግን ማንም አይለይም። አብሯቸው የተሳፈረው ዓብዱረዛቅ ዱላ ይዞ ወረደና መሬቱን እየወጋ ከፊት ከፊት ሄደ። ከበበው እግሩን ፍሬኑ ላይ አስጠግቶ፣ ዓይኑን ከሰውየው ነጭ ኮፍያ ሳይነቅል ተከተለው።

ኮፍያው ድንገት ጠፋ።

ከበበው ፍሬኑን ረገጠ። ከኮፈኑ ማዶ የሚታየው ቡናማ ውሃ ብቻ ነው። ሰውየው ከመኪናው የፊት መከላከያ ስር ይሁን ከጎማው ፊት አያውቅም። ወደፊትም ወደኋላም ማለት ፈራ።

«ጋሼ፣ እንዳትነዳ! ወድቋል!» ትግስት ከኋላ ጮኸች።

በሩን ሲከፍት አንድ እጅ ከውሃው ወጥቶ የኮፈኑን ጫፍ ጨበጠ። ከበበው ዘሎ ውሃው ውስጥ ገባና ብብቱን ይዞ ጎተተው። ዓብዱረዛቅ እየሳለ በጣቱ ወደ ቀኝ አመለከተ፤ ቦዩ ከፊት ጎማው አንድ ክንድ ብቻ ይርቃል። ከበበው ወደ መኪናው ተመልሶ መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ፣ ላብና ዝናብ ዓይኑን እያቃጠለው በቀስታ አለፈ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሰብለወርቅን ተቀብለው ወደ ውስጥ አስገቧት። ረጅም ሰዓት ካለፈ በኋላ አንዲት ነርስ መጥታ ደሙ እንደቆመና ቀዶ ጥገናው በደህና እንዳለቀ በፈረንሳይኛ ነገረቻቸው። ትግስት ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ጎረምሶቹ ነጠላ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በውሃው ውስጥ ወደ ሰፈራቸው ሄዱ።

ከበበው እንድትጠይቃት ተፈቅዶልሃል ሲባል ገባ። ልጅቷ ዓይኗን በግድ ገለጠች።

«ጋሼ፣ ለእናቴ እንዳትነግርብኝ።»

ከበበው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ምን ብዬ እነግራታለሁ?» አላት። «ቆመሽ ስትሄጂ አንቺው ትነግሪያታለሽ።»