ነገ ትደውያለሽ

«እማዬ፣ የሄዘር ወንድም ነው» አለች ለንሳ፣ ስልኩን በመዳፏ ከድና። «አባቷ ሆስፒታል ገብተዋል። ልባቸው ነው። ሐኪሞቹ ዛሬን አያድሩም ብለዋል። አሁን ግን ነቅተዋል፤ ልጄን አገናኙኝ እያሉ ነው።»

ወርቂቱ የአራተኛ ክፍል የፈተና ወረቀት እያረመች ነበር። ቀዩ እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ።

«ወይኔ ልጄን!»

ሄዘር አሜሪካዊት ናት። አምቦ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት ልትማር መጥታ እነ ወርቂቱ ቤት ከተቀመጠች ስድስት ወር ሆኗታል። ልብሷን በሳፋ ታጥባለች፣ ከለንሳ ጋር ክፍል ትጋራለች፣ ሰፈሩ «የአዴ ወርቂቱ ፈረንጅ» ይላታል። ያን ቀን ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ወንጪ ሐይቅ ወርዳለች፤ ስልኳ አይሠራም።

«መንገድ ላይ ናት፣ ኔትወርክ የለም በይው» አለች ወርቂቱ።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትመጣለች። ያኔ ትደውላለች ልበለው?»

«አብደሻል? እንዲህ ያለ ወሬ በስልክ ይነገራል? ያውም ለሰው አገር ልጅ? ሰው ተሰብስቦ፣ ጠዋት፣ በወጉ ይነገራታል።»

«መርዶ እኮ አይደለም እማዬ! ሰውየው አልሞቱም!»

«ዛሬን አያድሩም አላልሽም? ታዲያ ከመርዶ በምን ተለየ?»

ለንሳ አፏን ከፍታ እናቷን አየቻት። ከዚያ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መልሳ፣ እስከ ነገ ኔትወርክ የለም ብላ በእንግሊዝኛ ዋሸች።

ወርቂቱ ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለች አንድ የቢሮ ጸሐፊ ከክፍል አስጠርቶ «አባትሽ ሞቷል፣ ሂጂ» ብሏት ነበር፤ እንዲሁ፣ ቆማ ሳለች። ደረጃው ላይ ወድቃ የፊት ጥርሷ ተሰበረ። የተሰበረው ጥርስ ዛሬም ስትስቅ አፏን ያስይዛታል። ያን ቀን፣ በእኔ እጅ ያለ ሰው እንዲህ መርዶ አይነገረውም ብላ ምላለች፤ መሐላዋንም ይኸው ልትጠብቅ ነው።

የእድሩ ሰብሳቢ ኦቦ ደቻሳ ቤት ሄዳ ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደግ አስበሻል። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንመጣለን። ዛሬ በደንብ ትብላ። ነገ እህል አይወርድላትም።»

ሄዘር ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ፣ ሱሪዋ በጭቃ ተለውሶ ገባች።

«አዴ! ፈረስ እምቢ አለ! እኔ ወደቅኩ!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። «ለንሳ፣ ስልክሽን ስጪኝ። የእኔ ባትሪ የለውም። አባዬ ፈረስ ይወዳል፣ ልንገረው።»

መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ለንሳ እጇን ሹራብ ኪሷ ውስጥ፣ ስልኩ ላይ አድርጋ እናቷን አየች።

«ካርድ የለውም» አለች ወርቂቱ።

«ልግዛ? ሱቅ ቅርብ ነው።»

«ተዘግቷል። ነገ ትደውያለሽ። አሁን ተቀመጪ፣ ብዪ።»

ሄዘር በስድስት ወር ውስጥ ከተማረችው ሁሉ አንዱ ይህ ነው፤ በዚህ ቤት «ብዪ» ከተባለ አይ አይባልም። ተቀመጠች። ስለ ጀልባው፣ ስለ ፈረሱ ባለቤት እያወራች በላች። ወርቂቱ በእጇ አጎረሰቻት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ለንሳ «ጠግቤያለሁ» ብላ ተነሥታ ጓዳ ገባችና ፊቷን ግድግዳው ላይ ደፋች።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ በለንሳ ስልክ መልእክት ገባ። ሰውየው አርፈዋል።

ገና ሳይነጋ እነ ኦቦ ደቻሳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ሄዘር በፒጃማ ወጥታ የሰው ብዛት ስታይ ደስ አላት፤ በዓል መሰላት።

«አካም ቡልተን!» አለች እንዴት አደራችሁ ለማለት፣ በኦሮምኛዋ ኮርታ።

ኦቦ ደቻሳ አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ፈጣሪ ፈቃድ፣ ስለ ሰው ልጅ ዕድሜ ብዙ ተናገሩ። ግማሹን እንኳ አልሰማችም። «አባትሽ» የሚለውን ግን ሰማች። ሴቶቹ እሪ አሉ። እሷ አላለቀሰችም፤ እጇን ወደ ለንሳ ዘረጋች።

«ስልክ።»

ለንሳ ሰጠቻት። ከወንድሟ ጋር ረጅም አወራች። ስትጨርስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ግንባሯን በቡጢ መምታት ጀመረች።

«ወንድሜ 'አንቺ ጥፋት የለብሽም፣ ኔትወርክ የለም ብለውናል' አለኝ። ግን እኔ ማታ እዚህ ነበርኩ! ካርድ ልገዛ እችል ነበር! ሱቁን ላንኳኳ እችል ነበር! በላሁ። እኔ ቁጭ ብዬ በላሁ!»

ወርቂቱ ተንበርክካ የልጅቷን እጅ ያዘች፣ ራሷን እንዳትመታ። እውነቱን የሚነግራት የለም። ለንሳ አትናገርም፣ ሽማግሌዎቹም አይናገሩም። ልጅቷ አገሯ ትገባለች፤ አምቦ ውስጥ እንደ ልጅ የያዘችኝ አንዲት ደግ ሴት ነበረች እያለች ታወራለች። ዕድሜዋን በሙሉ ግን ራሷን ስትረግም ትኖራለች።

«ሄዘር፣ ካርድ ነበረው» አለች።

«ጨሊሲ ወርቂቱ፣ ዝም በይ!» አሉ ኦቦ ደቻሳ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው።

«አይ ኦቦ፣ አልችልም። ሄዘር፣ ወንድምሽ ትናንት በቀን ደውሏል። አባትሽ ልጄን አገናኙኝ እያሉ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት። ሱቁም ክፍት ነበር።»

«እኔ ስበላ፣ አባቴ ነበረ?» አለች ሄዘር።

«ነበሩ።»

«ይሰማ ነበር?»

«ይሰሙ ነበር ልጄ።»

ሄዘር አየቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ ለንሳ አዙራ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ አጭር ነበር። ለንሳ አቀረቀረች።

«ምን አለች?»

«ምንም እማዬ። አዝናለች እኮ። በኋላ እነግርሻለሁ።»

«በኋላ አልፈልግም። አሁን፣ እንዳለችው ንገሪኝ።»

ለንሳ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«'እናትሽ እንዳትነካኝ' ነው ያለችው።»

ወርቂቱ የሄዘርን እጅ ለቀቀች።