የወንበሩ ገበር

ፕላስቲኩን ያነጠፈው ቤተሰቡ ከቁርስ ሳይነሣ ነው። በመኪናው መኻለኛ ረድፍ መቀመጫ ላይ ዘረጋው፤ ጠርዙን ወደ ወንበሩ ስንጥቅ ሸጎጠ፤ በላዩ ቡናማ ብርድ ልብስ ደረበበት፤ ከዚያም ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አየው። አያስታውቅም። የጥርስ ሐኪም ነው፤ ጥርስ ሞልቶ እንዳልተሞላ ማስመሰል እንጀራው ነው።

መኪናው አዲስ ነው። ባለ ሰባት መቀመጫ፣ ጣሪያው መስታወት፣ ወንበሮቹ የወተት መልክ ያለው ቆዳ። ከገዛው ወዲህ ሐኪሙ አብሮት የተሳፈረውን ሁሉ “እንዴት አገኘኸው?” ማለት ልማድ ሆኖበታል። ታካሚዎቹን ሳይቀር አፋቸውን አስከፍቶ ስለ መኪናው ያወራቸዋል፤ መመለስ ስለማይችሉም ሁሉም የተስማሙ ይመስለዋል። ያንኑ መኪና የገዙ ሰዎች በስልክ የሚጻጻፉበት ቡድን አለ። እዚያ እያንዳንዱ ባለቤት ስለ ምቾቱ ያየውን ያካፍላል፤ አንዱ ስለ ጸጥታው፣ ሌላው ስለ ኋላ ካሜራው። ሐኪሙ “ቤተሰቤን ይዤ ረዘም ያለ መንገድ ልሂድና እጽፋለሁ” ብሎ ነበር። ያ መንገድ ዛሬ ነው።

ሚስቱ ቦርሳ ይዛ ወጣች። ቦርሳውን ልታስቀምጥ ስትጎነበስ የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጠችው።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ምንም። ወንበሩ ነጣ ያለ ስለሆነ ነው።”

“እኔና ልጃችንም የምንቀመጠው ነጭ ወንበር ላይ ነው። ለእኛ የት አለ?”

ሐኪሙ የወንበሩን ጠርዝ በእጅጌው ጠረገ።

“አባባ ይሰሙታል፤ ሲንኮሻኮሽ።”

“ጆሯቸው ደክሟል እኮ።”

“ጆሯቸው ነው የደከመው። እሳቸው አልደከሙም።”

ይህን ብላ ጫፉን መልሳ አለበሰችው። አላነሣችውም።

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ሲገባ ነው። አባትየው ሳሎን ሶፋ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ሲነሡ መቀመጫው ረጥቦ ተገኘ። ማንም ምንም አላለም። ምራታቸው መቀመጫውን ገለበጠችው። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ሶፋ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ከወጥ ቤት የእንጨት ወንበር አምጥተው በር አጠገብ አኖሩና “ለወገቤ ይሻለኛል” አሉ። ቤቱም በሙሉ ለወገባቸው እንደሚሻላቸው ተስማማ። ሰው ቤት መሄድም ቀረ። ለቅሶ ቢሆን፣ ሠርግ ቢሆን፣ “እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ” ነው መልሳቸው። ቤቱን ግን ከማን እንደሚጠብቁት የጠየቃቸው የለም።

የዛሬውን ጥሪ እሺ ያሰኛቸው ሐኪሙ ነው። ታላቅ እኅቱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ፣ አዲስ ቤት ገብታለች። “አባባ ሳያዩት ቤቱ ቤት አይሆንልኝም” እያለች ስትወተውተው ሰነበተች። እሱም አባቱን፦ “በአዲሱ መኪና ነው የምንሄደው፤ ከበር እስከ በር። ሶፋም አለ፣ ሰማይም አለ” አላቸው። ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። ከዚያ “እሺ፣ እሷን ልያት” አሉ።

ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓይናቸው እስኪደክም የሰው ሱሪ ሲያሳጥሩና ሲያስረዝሙ፣ የሰው ጃኬት ሲያጠብቡና ሲያሰፉ ኖረዋል። ለዛሬ የለበሱት አመድማ ሙሉ ልብስ የገዛ እጃቸው ሥራ ነው፤ የሱሪው መተኮሻ መሥመር ወረቀት ይቆርጣል። ካፖርታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው መጡ፤ ከመግባታቸው በፊት የበሩን የውስጥ ቆዳ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

“ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው” አሉ። “ሰፊው ግን ቸኩሏል።”

“አባባ፣ ማሽን ነው የሰፋው።”

“ማሽንም ይቸኩላል።”

ልጅቷ ከኋላ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ሳቀች። ሽማግሌው ገብተው ተቀመጡ። ኮሽ አለ። ተነቃነቁ፤ እንደገና ኮሽ አለ።

“ይሄ ወንበር ገበር አለው እንዴ?”

ሚስቱ ሐኪሙን አየችው። ሐኪሙ መሪውን አየ።

“አዎ አባባ። ከፋብሪካው ነው።”

“ይሁን” አሉ፤ ቀበቶአቸውንም አሰሩ።

መንገዱ ጥሩ ነበር። መኪናው ጉድጓድ ላይ ሲወርድ አይጥልም፤ እንደ ሰነፍ ጀልባ ተንሳፍፎ ይወጣል። ሐኪሙ በልቡ ለቡድኑ የሚጽፈውን ያረቅቃል፦ ድምፅ የማያስገባ። ለአዛውንት ምቹ። ሲወጡና ሲገቡ ጉልበት የማይፈትን። ዳገቱን ሲጀምሩ ጉም ወረደ፤ መስታወቱ ጣሪያ ላይ ጠብታ ተንከባለለ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን አሻሹ።

“እዚህ ብርድ አለ” አሉ።

ይህንን ሲጠብቅ ነበር። ስክሪኑ ላይ የወንበር ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ ሥር ሦስት ቀይ መሥመር። እስከ መጨረሻው መሥመር ድረስ ጫነው። አልነገራቸውም። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ሲመጣባቸው “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” ሲሉ መስማት ፈለገ፤ ያንን “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” ለቡድኑ ሊጽፈውም አስቦ ነበር።

በኋላ ማሳያው መስታወት አያቸው። ቅንድባቸው ተነሣ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ጠበቀ። ከዚያ የአባቱ ፊት እንደ ሱቅ በር ተዘጋ። ጉልበታቸውን ገጠሙ። ካፖርታቸውን ከጎናቸው አንሥተው ጭናቸው ላይ ደረቡ፤ ጫፉንም በሁለት እጃቸው ያዙ።

“እንዴት አገኙት አባባ?”

“ምኑን?” አሉ፣ ደንግጠው።

“መቀመጫውን።”

ጉሙን አዩ።

“ደህና ነው” አሉ በመጨረሻ። ጥቂት እንደሄዱም፦ “ወደ ቤት ብንመለስስ? እሷን ሌላ ቀን እናያታለን።”

“ደርሰናል እኮ! ያቺ አይደለችም ቀይዋ አጥር?”

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

እኅትየው ከነመጎናጸፊያዋ በር ላይ ቆማለች። ግንበኛ የሆነው ባሏ፣ የሰፈሩም ቀልደኛ፣ መኪናውን ዙሪያውን ዞሮ አየው።

“ሰውዬው ሳሎኑ ላይ ጎማ ገጥሞ መጣ!” አለ። “ዶክተር፣ ወጥ ቤቱ በየት በኩል ነው?”

ሳቁ። ልጅቷ ወረደች፤ ሚስቱ ወረደች። ሽማግሌው አልወረዱም።

“እናንተ ግቡ” አሉ። “እኔ እዚሁ እሆናለሁ። ወንበሩ ተመችቶኛል።”

ሐኪሙ ልቡ ሞላ። ከዚያ በላይ ምን ምስክር ይፈልጋል? እጁን ዘርግቶ ለእኅቱና ለአማቹ፦ “ሰማችሁ? አባባ ከመኪናዬ አልወርድም አሉ! ወንበሩ አስሯቸው!” አለ። ግንበኛው አጨበጨበ። እኅትየው ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

“አባባ፣ ቤቴን ንቀው ነው?”

“አይደለም ልጄ። ትንሽ ልረፍ።”

“እንግዲህ ጉድ ነው። አባቴን ከወንድሜ ዕቃ ላስለቅቅ ነው?”

እንደገና ተሳቀ። በሳቁ መኻል ሽማግሌው የካፖርታቸውን ጫፍ ይበልጥ ወደ ራሳቸው ሳቡት።

ውስጥ ገብተው ክፍሉን እያዩ ሳለ ሚስቱ ከአጠገቡ ቆመች። በዝቅታ፦ “ካፖርታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል” አለችው። ያን ብቻ።

ገባው። የመጀመሪያ ሐሳቡም ቃል በቃል ይህ ነበር፦ እንኳን አነጠፍኩ። ስለ አባቱ ከማሰቡ በፊት ስለ ቆዳው አስቦ ነበር። ያ ሐሳብ ከራሱ የመጣ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደበት። አዲሱን ግድግዳ እያየ ቆመ፤ ከጓዳ የእኅቱ ሳቅ ይሰማል፤ “ወንበሩ አስሯቸው” ያለው የራሱ ድምፅ ግን ከእሱ በላይ ይሰማዋል።

ወጣ። የመኪናውን በር በዝግታ ከፍቶ ከአባቱ አጠገብ ተቀመጠ። ሽማግሌው አላዩትም።

“እነሱ ይብሉ፣ ይጠጡ” አሉ። “ሲጨርሱ እንሄዳለን።”

ከአባቱ ጎን ብርድ ልብሱ ላይ እጁን አሳረፈ፤ ምን እንደሚያገኝ አውቆ፣ ላለመሸሽ ለራሱ ቃል ገብቶ። ሞቃት ነው። ደረቅ ነው። እጁን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገ፤ ያው ደረቅ። ያኔ ሦስቱ ቀይ መሥመሮች ትዝ አሉት።

ፊቱን ደም ወረረው። አባቱን ያሰራቸው የራሱ ጣት ነው። አሁን ደግሞ እውነቱን መናገር ማለት፣ “የፈሩትን አውቄብዎታለሁ” ማለት ነው።

“አባባ” አለ፣ ፊት ለፊቱን እያየ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ወንበር ማሞቂያ አለው። በኤሌክትሪክ ይሞቃል። ብርድ አለ ሲሉ ሰምቼ ሳልነግርዎ ከፈትኩት።”

ሽማግሌው ቁልቁል ወንበሩን አዩ።

“ወንበር ይሞቃል?”

“ይሞቃል። እኔም መጀመሪያ ቀን ሳላውቅ ነክቼው…” ቃሉ አፉ ላይ ቆመ። “ወርጄ ሱሪዬን ዳስሻለሁ።”

ውሸት ነበር። ሽማግሌው ዞረው ረዘም አድርገው አዩት። ከዚያ አንድ እጃቸው ከካፖርቱ ሥር ገባ። ጨርቅ ሲዳስሱ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ ሲሄዱ፣ ሲቆሙ፣ ሲመለሱ ከላይ ይታያል።

“ደረቅ ነው” አሉ ለራሳቸው።

ትከሻቸው ወረደ። ትንፋሻቸው ቀድሞ ወጣ፤ ሳቁ ተከተለው።

“ወይ ጉድ! ወንበሩ ነው ለካ የሸናብኝ!”

ሐኪሙም ሳቀ፤ ዓይኑ እስኪረጥብ ሳቀ። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ነገሩ በስሙ ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ የጠሩትም እሳቸው።

እጃቸው ግን አልተመለሰም። ከብርድ ልብሱ ሥር ወርዶ ነበር። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው አንድ ነገር ይዘው አሹት። ኮሽ አለ።

“ይሄስ?”

ሐኪሙ ሳቁን አቆመ።

“ጠዋት ገበር አለው ወይ ስልህ፣ ከፋብሪካው ነው አልከኝ።”

የሚናገረውን ፈለገ። አንዱን ውሸት አሁን ጨርሶታል፤ ሌላ አልመጣለትም።

“እኔ ነኝ ያነጠፍኩት።”

“አውቄአለሁ። ፋብሪካ ጠርዙን እንዲህ አይሸጉጥም።”

ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይቀለው ነበር። ሽማግሌው ፕላስቲኩን ለቀቁት፤ ብርድ ልብሱን በመዳፋቸው ደልደል አደረጉት፤ የሱሪያቸውን መሥመርም አቃኑ።

“ሰው ጃኬት ሲያመጣልኝ” አሉ፣ “ገበር የሚያስፈልገው መሆኑን እኔ ገና በሩ ላይ አየዋለሁ። ግን ባለቤቱን እጠይቅ ነበር። እምቢ ያለኝ አላስታውስም። ብቻ እጠይቅ ነበር።”

“ይቅር ይበሉኝ አባባ።”

“በል ደግፈኝ። እኅትህ ቤቴን ናቁት ብላ ልታለቅስ ነው።”

ተደግፈው ገቡ። እያንዳንዱን ክፍል አዩ፤ መጋረጃው ላይ ቆመው “ይሄ እጥፋቱ ጠቧል፣ ፍቺውና አምጪልኝ” አሉ፤ እኅትየውም ከሁሉ በላይ በዚያ ደስ አላት። ሳሎን ሲደርሱ አዲሱን ሶፋ እየደበደበች “እዚህ፣ እዚህ!” አለች። ሽማግሌው ሶፋውን አዩት፤ ከዚያ ወንድ ልጃቸውን። ሐኪሙ ወጥ ቤት ሄዶ የእንጨት ወንበር አመጣ።

“ሶፋዬ ምን አጠፋ?” አለች እኅትየው።

“ምንም አላጠፋም” አሉ ሽማግሌው። “እኔ ነኝ ከእሱ ጋር የተጣላሁት።”

ግንበኛው ሳቀ። ሐኪሙ የቀረበለትን የምሳ ሳህን ያይ ነበር።

ከምሳ በኋላ ስልኩ ተንጫጫ። ከቡድኑ አንዱ፦ “ዶክተር፣ አስተያየትህን ስንጠብቅ ዋልን። ምቾቱስ? የወንበር ማሞቂያውን ሞከርከው?” ብሎታል። ጠዋት ያረቀቀውን ሁሉ ለማስታወስ ሞከረ፤ “ለአዛውንት ምቹ” የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። የጻፈው ይህን ነው፦ “ይሞቃል። ከመክፈታችሁ በፊት ግን ለሚቀመጥበት ሰው ንገሩ።” ወዲያው የሳቅ ምልክቶች ተደረደሩ። ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው።

ለመመለስ ሲነሡ ቀድሞ ወጣ። የመኪናውን በር ከፍቶ የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዘ። አባቱ ከኋላው ደርሰው ነበር።

“አባባ፣ ፕላስቲኩን ላውጣው?”

ሽማግሌው ዳገቱን አዩ፤ ጉሙ እንደገና እየወረደ ነው። ደጅ ላይ እኅትየው መጋረጃውን ታቅፋ ለልጅቷ እጇን ታወዛውዛለች።

“ተወው” አሉ ቀስ ብለው። “መንገዱ ረጅም ነው።”

ገብተው ተቀመጡ። ኮሽ አለ፤ ማንም እንዳልሰማ አልሆነም። ሚስቱ ቀበቶአቸውን አሰረችላቸው። ካፖርታቸውን አጣጥፈው ከጎናቸው አኖሩት።

ሐኪሙ ሞተሩን አስነሣ። እጁ ወደ ስክሪኑ ሄዶ ከወንበሩ ሥዕል አጠገብ ቆመ። በመስታወቱ አላያቸውም፤ አንገቱን መልሶ ዞረ። የአባቱን ዓይን ለማየት ከብዶት ነበር፤ ቢሆንም አየ።

“አባባ፣ ማሞቂያውን ልከፍተው ነው።”

“ዝቅ አድርገህ” አሉ። “ክፈተው።”