እህታችን በጸሎት ትዝጋልን

ልብስ ሰፊዋ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጣ ፓስተሩን በዓይኗ ልትበላው ደርሳለች። መድረኩ ላይ ከጎኑ የፖሊስ ኢንስፔክተሩ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ከኋላቸው «ቤተ ክርስቲያንና ፖሊስ፣ አብረን ሰፈራችንን እንጠብቅ» የሚል ጨርቅ ተወጥሯል። ጨርቁን የዘመዘመችው ራሷ ናት። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

«ሰሞኑን የስፖኪዮ ስርቆት ቀጥ ብሏል» አለ ፓስተሩ። «የጸሎትና የትብብር ፍሬ ነው!» ጉባኤው አጨበጨበ።

የጸሎት ፍሬ! በዚህች ቤተ ክርስቲያን ረቡዕ ረቡዕ ሰው እየተነሳ የጸሎት ርዕሱን ይናገራል። ባሏ አልገባ ያላትም፣ ከወንድሙ የተጣላውም ገበናውን ይዘረግፋል፤ የተነገረው ደግሞ እዚያው ይቀራል። ድሮም እንዲህ ነበር። እሷም ባለፈው ረቡዕ ተነስታ «ልጄ የመኪና ስፖኪዮ ከሚነቅሉ ልጆች ጋር ገጥሟል፤ ጌታ እንዲመልስልኝ ጸልዩልኝ» ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ትብብሩ ከተጀመረ ወዲህ ኢንስፔክተሩ መለዮውን አውልቆ ከኋላ እየተቀመጠ ጸሎቱን እንደሚካፈል ማንም ትንፍሽ አላለላትም። በማግስቱ ልጇን ከሚሠራበት ጋራዥ በካቴና ወሰዱት። ዓይኗን ጨፍና፣ ያውም እያለቀሰች፣ ልጇን ለጆሮ ጠቢ አስረከበች።

ዛሬ ጠዋት ጣቢያ ስትጠይቀው ልጁ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«አልነቀልኩም አልልሽም፣ እማዬ» አላት። «የሚሸጠው ግን የፓስተሩ ልጅ ነው። ዕቃው እነሱ ግቢ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ባለችው ክፍል ነው ያለው። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?»

ኢንስፔክተሩም አልደበቃትም። ሌላ ሰው ካልተገኘ በሰፈሩ የጠፋው ስፖኪዮ ሁሉ በልጇ ላይ ይቆለላል፤ ፍርድ ቤት የሚቀርበውም ነገ ነው።

በቀጥታ ወደ ፓስተሩ ቤት ሄደች። ሚስቱ በሩን ከፍታላት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ የሰማችውን ለፓስተሩ ነገረችው፤ ቢያንስ ጣቢያ ድረስ አብሯት እንዲሄድ ለመነችው። ፓስተሩ አልካደም። ክፉኛ ደነገጠ እንጂ አልካደም።

«ስለ ልጄ እኔ በቤቴ እጸልያለሁ» አለ። «የቤት ጉዳይ አደባባይ አይወጣም፣ እህቴ።»

«የኔስ ልጅ የሜዳ ነው እንዴ፣ ፓስተር?»

«ያንቺ እኮ በራስሽ አፍ ነው የወጣው። እኔ ምን ላድርግ?»

ሚስቱ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። ሲጨንቃት ይሁን ሲያሳፍራት፣ ልብስ ሰፊዋ ግድ አልነበራትም። በሩን በላያቸው ወርውራ ወጣች።

አሁን ደግሞ ይኸው ሰውዬ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ማይክራፎኑን ይዞ ወደ ኋላ ረድፍ ፈገግ አለ።

«አንዲት እናት አለችን፤ ልጇ በሕግ ቢያዝም ቅሬታ አልያዘችብንም። ዛሬ ስብሰባውን እሷ በጸሎት ትዝጋልን!»

በአደባባይ አፏን ሊያዘጋት ነው። ለአፍታ ጥላ ልትወጣ አሰበች፤ ግን የነገው ችሎት ትዝ አላት። ተነስታ በመተላለፊያው ወደ ፊት ሄደችና ማይክራፎኑን ተቀበለችው። ጉባኤው አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን ጨፈነ። ኢንስፔክተሩም መለዮውን አውልቆ ጨፈነ። እሷ ብቻ አልጨፈነችም።

«አባት ሆይ» አለች፣ «ልጄን ስለያዙልኝ አመሰግንሃለሁ።»

«አሜን!» አለ ፓስተሩ፣ ከሁሉም ቀድሞ።

«የጸሎት ርዕስ አለኝ። የፓስተራችንን ልጅ አስበው። ልጄ የነቀለውን የሚሸጠው እሱ ነውና። ግቢያቸው ውስጥ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ያለችውን ክፍል አስበህ፣ ዕቃውን ሳያሸሹት ዛሬውኑ ክፈታት። አባቱም ያውቃል፤ እሱንም አስበው። ልጄ የነቀለውን ይክፈል፤ የሰውን ዕዳ ግን አታሸክምብኝ።»

ጉባኤው ለምዶበታልና ዓይኑን እንደጨፈነ «አሜን!» አለ። ከዚያ የሰማው ገባውና አንድ በአንድ ዓይኑን ገለጠ። ኢንስፔክተሩ መለዮውን አድርጎ ተነስቷል።

የፓስተሩ ሚስት ከፊተኛው ረድፍ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አየቻት። እንዲህ ያለውን ለቅሶ ታውቀዋለች፤ ባለፈው ረቡዕ የራሷ ነበር። ማይክራፎኑን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችላት።

«አንቺም ጸልዪ» አለቻትና ወጣች።