የወጌሻው ልጅ እጅ

መምህር ወንዳወቅ ክፍል በገባ ቁጥር አንድ ነገር ሳይል አይወጣም ነበር፦ «የኛ አገር ሰው ‹ደህና ነኝ› ካላችሁ አትመኑት፤ ጣቱን እዩ!» ተማሪው ይስቃል፣ እሱ ግን አይስቅም። «ተሰብሮ የታሰረ እጅ ጣቱ ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ፣ ጣቱን ቀና ስታደርጉት ነፍሱ እስክትወጣ ካመመው፣ ሰው አታማክሩ፤ ፍቱት! ሕመሙ በራሱ ጸጥ ካለ ደግሞ ያኔ ፍሩ። ሥጋው ሞቷል ማለት ነው።» አይናለም ይህን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፋ ሁለቴ አስምራበታለች። ደብተሩ ዛሬም አለ። ምን ዋጋ አለው!

ፍኖተ ሰላም በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የሦስተኛ ዓመት የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ነበረች። ስድስት አልጋ በታጨቀበት ዶርም ውስጥ የእሷ አልጋ ወረፋ የሚያዝበት ነበር። አንዷ አንገቷን ይዟት፣ ሌላዋ በወገቧ ጎብጣ፣ «አይኑዬ፣ በሞትኩት፣ አንዴ ንኪኝ» እያሉ ይመጣሉ። የጎን አልጋዋ ናጂሃ፣ የቡሬ ነጋዴ ልጅ፣ ለፕራክቲካል ከእሷ ሌላ ከማንም ጋር አትጣመርም። «እጅሽ እኮ ዓይን አለው» ትላታለች። «ስንመረቅ ቡሬ ላይ ክሊኒክ እንከፍታለን። አንቺ ታክሚያለሽ፣ እኔ ደግሞ በሽተኛውን እቆጣለሁ!» ሽሮው ውሃ ብቻ በሆነ ቀን፣ መብራት በጠፋ ሳምንት፣ መንገድ ተዘግቶ ትምህርት በቆመ ጊዜ፣ የሚያጽናናቸው ይኸው ያልተከፈተ ክሊኒክ ነበር።

እጁን ያገኘችው ከአባቷ ነው። ወጌሻ ኪዳነ ማርያም ከሽንዲ ወዲያ ባለው አገር ሁሉ ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው። የስንቱን እግር አቅንተው ዳግም ለእርሻ አብቅተውታል! የሰው አፍ ግን ምን ይጠግባል? ልጅቷ ኮሌጅ የገባች ለት «የአባቷን እጅ ንቃ ሄደች» ተባለ። ኪዳነ ማርያም ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት፤ ነገሩ ግን ሆዳቸው ውስጥ ቀርቷል። አይናለምም ይህን ታውቃለች።

ለገና ዕረፍት ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ሰፈሯ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት፣ ወንዙን በድንጋይ በድንጋይ ስትሻገር አዳለጣት። ከነቦርሳዋ ቀኝ ክንዷ ላይ ወደቀች። ሲሰበር ድምፁን ራሷ ሰምታዋለች።

አባቷ በቅቤ አሽተው አጥንቱን ገጠሙላት፤ የቀርቀሃ ስንጥር ዙሪያውን ደርድረው በጨርቅ ጠፍረው አሰሩላት። ግቢው በሰው ሞልቷል። እሳቸው እግሩን ያዳኑለት ጎረቤታቸው አድማሴ እንኳ አፉን መቼ ይይዛል! «እንግዲህ የተማረችውም ተሰበረች፤ ሆስፒታል ትላለች ወይስ የአባቷ እጅ ይበቃታል? እናያለን!» አለ።

«ከአባቴ እጅ ወዴት እሄዳለሁ?» አለች አይናለም፣ ጥርሷን ነክሳ እየሳቀች።

ኪዳነ ማርያም ቀና አሉ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ደረታቸው እንዲህ ሲነፋ አላየችም። በእውነት ደስ አላት።

የእሳቸው አሠራር የታወቀ ነው። ሲያስሩ አጥብቀው ነው። ከዚያ ጧትና ማታ እየመጡ «ያምሃል?» ብለው ይጠይቃሉ። ለጮኸ ያላሉለታል፤ ሰድቧቸው የላላለትም አለ። ዝም ያለው እስከ ሰባተኛው ቀን እንደታሰረ ይቆያል፤ እሳቸው ባሰሩት ላይ የሌላ ሰው እጅ አያርፍም።

በማግሥቱ ጧት መጡ። «እንዴት አደርሽ ልጄ? ያምሻል?»

ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ነው ያደረችው። ጣቶቿ አብጠው ቆዳቸው ተወጥሯል። «ደህና ነኝ አባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

«ጎሽ! የኔ ልጅ!» ወጥተው ለአድማሴ «አንዴ እንኳ አላቃሰተችም እኮ!» ሲሉት ከውስጥ ሰማቻቸው። ድምፃቸው የጎረምሳ ድምፅ ሆኖ ነበር።

ጋቢዋ ሥር በግራ እጇ አንድ ጣቷን ቀና አደረገች። እንባዋ ዱብ አለ። አብጧል፤ ቀዝቅዟል፤ ሲቀና ያማል። መምህር ወንዳወቅ የዘረዘረው አንድም የቀረ የለም። ኧረ አንቺ ልጅ፣ ተናገሪ እንጂ! እሷ ግን ለራሷ «እስከ ማታ ልታገሠው» አለች። ማታም «ያምሻል?» አሏት፣ ማታም «ደህና ነኝ» አለች።

በሁለተኛው ቀን እናቷ ሸጋዬ ከገበያ ወሬ ይዘው ገቡ። «ተዘግቶ የነበረው መንገድ ተከፍቷል አሉ። ከሽንዲ ወደ ቡሬ መኪና አለ። አንዴ ሆስፒታል ሄደሽ ቢያዩሽስ?»

ኪዳነ ማርያም በሩ ላይ ቆመው ነበር። መሬት መሬት አዩ። እሳቸው ሂጂ ቢሏት ትሄድ ነበር። አይናለም የአባቷን አንገት መድፋት አየችና አንጀቷ አልቻለም። «ቡሬ ምን ይጨምሩልኛል እማ?» አለች። መኪናው ያለ እሷ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ስትነቃ ሕመሙ የለም። ጭራሽ የለም። ያኔ ነው አምርራ ያለቀሰችው። እናቷ ሊያጎርሷት ቀርበው ጣቷን ነኩና ጉርሻው ከእጃቸው ወደቀ። «ኧረ ይሄ እጅ በረዶ ነው! ኧረ ድረሱ!»

አባቷ ሮጠው ገብተው ፈቱት። ከጨርቁ ሥር ያለው ክንድ ጠቁሮ፣ የስንጥሩ መሥመር ሥጋው ላይ ታትሟል።

«ጣትሽን አንቀሳቅሺው» አሉ። አልተንቀሳቀሰም።

«መቼ ነው ሕመሙ የተወሽ?»

«ዛሬ ጧት።»

«እስከ ዛሬ ጧትስ?»

በግራ እጇ ጋቢዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ስጠይቅሽ! ጧት ማታ ስጠይቅሽ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ሌላው ይጮህብኝ ነበር እኮ! እኔ የማውቀው ሲጮህብኝ ነው! በሌላ በምን አውቃለሁ?»

«ሰው እንዳይስቅብዎ ብዬ ነው፣ አባ።»

ኪዳነ ማርያም በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ።

በሆስፒታል የሞተው ሥጋ ተቆርጦ ወጣ። ክንዷ ተረፈላት፤ ጣቶቿ ግን ወደ መዳፏ ታጥፈው እንደዚያው ቀሩ። ኪዳነ ማርያም የቀርቀሃ ስንጥራቸውን ሰብስበው እሳት ውስጥ ጨመሩት። ዛሬ የተሰበረ ሰው ተሸክመው ሲመጡባቸው «ወደ ቡሬ ውሰዱት» ብለው በራቸውን ይዘጋሉ።

ከፋሲካ በኋላ አይናለም ከአባቷ ጋር ወደ ኮሌጁ ተመለሰች። መምህር ወንዳወቅ እጇን ገልብጦ አየ። በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በአንድ እጅ ፕራክቲካሉን ማለፍ እንደማትችል፣ ሌላ ትምህርት እንደሚፈልጉላት ነገራት። ለሕክምናው ግን በየቀኑ እንድትመጣ አዘዛት። ዕቃው ባለበት በዚያው ክፍል፣ ስትማርበት በነበረው አልጋ ላይ ተኛች። ነጭ ጋውን የለበሰችው ናጂሃ ነበረች።

ናጂሃ እንባዋን እየዋጠች የታጠፉትን ጣቶች ያዘች፤ ቀስ አድርጋ ሳበቻቸው። እንደ ደንቡም ጠየቀች። «ያምሻል?»

«ደህና...» ብላ ጀመረች አይናለም። ያኔ በሩ ሥር ጋቢያቸውን ጨምድደው የቆሙትን አባቷን አየች።

«ያመኛል!» ብላ ጮኸች። «አባ፣ ያመኛል! ያመኛል!»

እጇ ምንም አልተሰማውም ነበር። ኪዳነ ማርያም ግን ናጂሃን ገፍተው ደረሱ፤ ሊያላሉላት ክንዷን በሁለት እጃቸው ዙሪያውን ዳሰሱ፣ ደግመው ዳሰሱ። የሚፈታ ነገር አልነበረም።