ዘይት የምትበላው መኪና

ሞተሩ የሞተው የምስራች ዘይቱን ስላዘጋችበት ነው። ወንድሟ ዳኛቸው የሞተው ደግሞ ሞተሩ ስለሞተ ነው። በሣልስቱ ቀን ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ ለቅሶ ድንኳኑ ጥግ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሌላው፣ መካኒኩ ዋልልኝ፣ ጋፋት አማቶቹ ቤት ተደብቋል። አጎቷ ማሩም ክላሻቸውን አንግተው እሱን ፍለጋ ከወጡ ሁለተኛ ቀናቸው ነው።

«ፍጥነት ነው የበላው» አሉ እትዬ ማሬ ወደ ጎረቤታቸው ጆሮ ተጠግተው። የሳቸው ሹክሹክታ ድንኳኑን ያዳርሳል። «ቀይ፣ ያውም ሁለት በር! ባለ አራት በር መኪና ጠፍቶ ነው?»

«እኔስ መካኒኩ ነው ሲሉ ነው የሰማሁት።»

«ዋልልኝ?»

«ዋልልኝ። ጋራዡን ቆልፎ ጠፋ። ንጹሕ ሰው ይሸሻል?»

የምስራች የያዘችው ሻይ ቀዝቅዟል። ወንድሜ ከስልሳ በላይ ነድቶ አያውቅም ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። አንድ ነገር ከተናገረች ሌላው ይከተላል። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ የምትፈራው ይህንኑ ነው።

ዳኛቸው አሥራ አንድ ዓመት ከሐሙሲት ባሕር ዳር ሚኒባስ ነድቷል። አንድ ቀን ሚኒባሱን ሸጦ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ቀይዋን መኪና ገዛ። ማንም አልፈለጋትም ነበር። ሞተሯ እንደ ሌላው መኪና ፒስተን የለውም፤ በፒስተን ፋንታ ሆዱ ውስጥ ሦስት ማዕዘን ብረት ይሽከረከራል። ይህን የሰማ መካኒክ ሁሉ እጁን ይሰበስባል። ዳኛቸው ግን የፈለጋት ለሙሽራ ነው። ደብረ ታቦር ላይ በዚያ ጥር ያገባች ሴት ሁሉ በእሷ መሄድ አማራት። እሱም ሙሽሮቹን ጭኖ እንደ ታቦት ሲያዘግም፣ ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ያንባርቁበታል።

«ምን ያስቸኩላችኋል?» ይል ነበር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ። «ሙሽራ ናት እንጂ የፎገራ ቲማቲም አይደለች! አትበላሽ!»

በኅዳር፣ ሠርጉ ሳይጀምር፣ ከየምስራች ጋር የመኪናዋ ፊት ላይ ወረቀት ዘርግተው ምን እንደሚቀድም ተከራከሩ። እሱ ማርሚታዋ ይቀየር አለ፤ የጭስ ማውጫዋ ድምፅ ሠርግ ሠርግ አይልም ብሎ።

«ዳገት ላይ አቅም ያንሳታል፤ ቢያንስ ድምፅ ይኑራት እንጂ!»

«መጀመሪያ በሕይወት ትቆይ» አለች የምስራች። መካኒካል ኢንጅነሪንግ ከተመረቀች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ሥራም አላገኘች። የማንንም ሐሳብ እስከ መጨረሻው የምትሰማበት ትዕግሥት አልነበራትም። እስክሪብቶውን ነጥቃ ጻፈች። ከሁሉ በፊት ዘይት መብላቷን ማስቆም፤ ቀጥሎ ራዲያተር፣ ካንዴላ፣ ፍሬን። ማርሚታውን ከሥር ወረወረችው።

«ከፍሬን በኋላ?»

«መቆም ትማርና ከዚያ ትጮሃለች።»

ሳቀ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ «የኔ ኢንጅነር ናት ያዘዘችልኝ» እያለ ይናገር ጀመር። የጻፈችው ቅደም ተከተል ትክክል ነበር። የተሳሳተችው በመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው።

እኩለ ቀን ላይ አጎቷ ማሩ አቧራ ለብሰው ተመለሱ። እጃቸው ላይ ከፖሊስ የተቀበሉት ፌስታል አለ። የዳኛቸውን ቦርሳና ስልክ ለእናቷ ለወይዘሮ ሙሉ ሰጡና አንድ ወረቀት አስቀሩ።

«ይቺ ከመኪናዋ ውስጥ ተገኘች» አሉና ፊደል በፊደል እየለቀሙ አነበቡ። «ዘይት… መብላቷን… ማስቆም።» ቀና አሉ። «የሱ ጽሕፈት አይደለም። የማን ነው?»

እናቷ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱ ወደ የምስራች ዞረ። በገዛ እጇ የጻፈችው «መ» እንደ ሁለት ዓይን አፈጠጠባት።

«አላውቅም፣ አጎቴ።»

«የመካኒኩ ነዋ! ትራፊኮቹ ነግረውኛል። ከወረታ ሽቅብ የጭነት መኪና ሲቀድም፣ መሀል መንገድ ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። ወደ ኋላ አይመለስ ነገር፣ ወደ ፊት አያልፍ ነገር። አውቶቡስ ቁልቁል መጣበት።» ወረቀቱን ደረት ኪሳቸው ውስጥ አስገቡና በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «እጁን ይዤዋለሁ።»

አላውቅም ማለት ምንም ያልሆነ ቃል ትመስላለች። የምስራች ግን በዚያች ቃል አንድ ሰው ለጥይት ማስረከቧን ወዲያው አወቀች።

ዋልልኝ ያኔ ጋራዡ ውስጥ አስጠንቅቋት ነበር። የዘይቱን ፓምፕ ሊዘጋ መፍቻውን አንሥቶ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ኢንጅነር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ይችን የሠራት ሰውዬ ጅል ነው?»

«ለምን?»

«ዘይት የምታጠጣ ትንሽ ፓምፕ ለብቻዋ ሠርቶ፣ እስከ ሞተሩ ሆድ ድረስ ቱቦ ዘረጋ። ሰው ለበሽታ ቱቦ ይዘረጋል? እኔስ መብላቱ ምግቡ ሳይሆን አይቀርም ባይ ነኝ።»

«የሚዘጉት አሉ። በቪዲዮ አይቻለሁ።»

«አይ እንግዲህ…»

«አንተ ስንተኛ ክፍል ነው ያቆምከው?»

ዋልልኝ ፊቱን ወደ ሞተሩ መለሰ። መፍቻውን አነሣ።

ቪዲዮውን አይታዋለች፤ ግን ግማሹን ነው። ሰውየው ፓምፑን ዘግቶ ብሎኑን ሲያጠብቅ ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ጠፋ። ሲመለስም ቀሪውን ለማየት አልታገሠችም፤ ገብቶኛል አለች። ቀሪውን ያየችው ከቀብሩ ማግስት፣ ከለቀስተኛው ተደብቃ ሽንት ቤት ውስጥ ቆማ ነው። ፓምፑ ከተዘጋ ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ዘይት ከነዳጁ ጋር መቀላቀል አለበት፤ አለዚያ የሚሽከረከረው ብረት ጫፎቹን በደረቁ ፍቆ ይጨርሳል። ይህን ሁሉ ለመስማት የቀራት አራት ደቂቃ ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ውጭ ያሉት ወንዶች ከመቀመጫቸው ተነሡ። ቄስ ካሳሁን መስቀላቸውን ይዘው፣ አራት ሽማግሌዎች አስከትለው አጥሩን አልፈው ገቡ። ከኋላቸው ዋልልኝ ባዶ እግሩን፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይራመዳል። ደም ያለበት ሰው እንዲህ ነው ለእርቅ የሚመጣው።

«እዚያው ቁም!» አሉ ማሩ። ክላሹ ከትከሻቸው ወርዷል።

«ስለ መድኃኔዓለም፣ አቶ ማሩ!» አሉ ቄሱ መስቀሉን ከፍ አድርገው።

«መጀመሪያ በአፉ ይናገር። መኪናዋን ነካህ አልነካህም?»

«እጄ ነክቷል» አለ ዋልልኝ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።

«ምን አደረግህ?»

«ዘይቱን ዘጋሁት።»

«ከራስህ ነው? ወይስ ዝጋ ያለህ አለ?»

እትዬ ማሬ አንገታቸውን አሰገጉ። ዋልልኝ ድንጋዩን በሁለት እጁ አመቻቸ። ወደ ሴቶቹ አልዞረም። የምስራች እንዲዞርም፣ እንዳይዞርም ለመነች።

«እጄ ነው» አለ እንደገና።

«እናትየው ትናገር» አሉ ቄስ ካሳሁን። «ልጁ የሷ ነው፤ ይቅርታውም የሷ ነው።»

ወይዘሮ ሙሉ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። የምስራች ተከተለቻት።

«እማ።»

«ተይኝ፣ ላስብበት።»

«ዝጋ ያልኩት እኔ ነኝ።»

እናቷ ቀስ ብላ ዞረች።

«ምኑን?»

«ዘይቱን። ዋልልኝ ተይው ብሎኝ ነበር፣ እንቢ አልኩት። ወረቀቱም የኔ ነው።»

ወይዘሮ ሙሉ ዳኛቸው ይተኛበት የነበረው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የምስራች ጩኸት ጠበቀች፤ ጥፊ ጠበቀች። እናቷ ግን ጉልበቷን እያሻሸች በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያ ስሚኝ። ወጥቼ ድንጋዩን አወርድለታለሁ፤ ይቅር ለእግዚአብሔር እላለሁ። ማሩ የኔን ቃል አይጥስም። በዚሁ ያልቃል። አንቺ ዝም በይ።»

«ዋልልኝስ?»

«ነፍሱ ተረፈች፤ አይበቃውም?»

«ነገ ጋራዡን ሲከፍት ማን መኪና ይወስድለታል? ልጆቹን የማን ልጆች ብለው ይጠሯቸዋል?»

«ሁለት ነበራችሁ!» አለች እናቷ፤ ድምፅዋ እዚያ ላይ ተሰነጠቀ። «በአንድ ሳምንት ሁለቱንም አልቀብርም።»

የምስራች ለአፍታ፣ ይበቃዋል ብላ አሰበች። ከክላሹ ይልቅ ያስፈራት ድንኳኑ ነው፤ ያ ሁሉ ሴት፣ ነገ በእትዬ ማሬ አፍ የሚዞረው የራሷ ስም፣ ወንድሟን የበላች የሚለው። መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ መቅረት አማራት።

ከውጭ የማሩ ድምፅ መጣ። «ዝጋ ያለህ ማነው እያልኩህ ነው!» ቀጥሎ ክላሹ ጥይት ሲጎርስ ቀጭ አለ። ቄሱ እግዚኦ አሉ።

የምስራች ወደ በሩ ተራመደች። እናቷ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች።

«ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ልጄ። ለማሩ አይደለም።»

የምስራች አልጎተተችም። ነጠላውን ከራሷ ላይ አውልቃ እናቷ ጭን ላይ አኖረችው። ከዚያ ፀጉሯ እንደተገለጠ ወደ ማሩ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።