የበቅሎዋ አደራ በምጽዋ ወደብ

ሰው በተወለደባት ምድር ምሥጢር ፈቺና ነገር ተርጓሚ ቢሆንም፣ ከማያውቃት ከተማ በር በደረሰ ጊዜ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን እንደ ገና ከሀሁ ይጀምራል፤ ይህንንም ሊቃውንት ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ከማንም በላይ ይረሱታል።

በደጋው ምድር ቅኔያቸው የተመሰገነ፣ ቁጣቸውም የተፈራ አለቃ ወልደ ኪሮስ፣ በመጽሐፍ ያነበቧትን ባሕር "ሳልሞት በዓይኔ ልያት" ብለው፣ ገራም በተባለች በቅሏቸው ተቀምጠው ወደ ምጽዋ ወረዱ። ይህች በቅሎ ሟች ባለቤታቸው ወይዘሮ አመተ ልዑል በእጃቸው እያጎረሱ ያሳደጓት፣ በመጨረሻዪቱም ሰዓት "አደራ፣ ለሰው እንዳይሰጡብኝ" ብለው የተናዘዙባት ነበረች። ከተማይቱም ለእንግዳው ሁለት ዓለም ሆና ታየች፤ በአንድ ወገን ተምርና ቅቤ፣ ዛጎልና ጨው የሚቸበቸብበት ጥንታዊ ገበያ፣ በሌላው ወገን የእሳት መርከብ የሚያፏጭበት፣ የኤሌክትሪክ ፋኖስ የተተከለበት፣ የብረት ክንድም ከብትና ሸቀጥ ወደ ሰማይ የሚያነሣበት አዲስ ወደብ ነበረ።

አለቃ በዚህ ሁሉ ሲደነቁ፣ ሐጂ ነስረዲን የተባሉ የተከበሩ የከብት ነጋዴ ቀርበው የገራምን ጥርስና ጀርባ መረመሩ፤ ከዚያም እጃቸውን በትከሻቸው ልብስ ሸፍነው ዘረጉ። በዚያ ገበያ ዋጋ በአፍ አይነገርም፤ ሻጭና ገዥ ከልብስ ሥር በጣት ይነጋገራሉ፣ መዳፍን አጥብቆ መጨበጥም "ሸጫለሁ" ማለት ነው። አለቃ ግን "ሰላምታን እንኳ ከፀሐይ የሚከልል፣ ምንኛ ትሑት ሕዝብ ነው!" ብለው እጃቸውን ከልብሱ ሥር ከትተው በሙሉ ልብ ጨበጡ። የቀረበላቸውን የብር ከረጢት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ መባ መስሏቸው መረቁ፤ ሠራተኞቹ ገራምን ሲወስዷትም ውኃ ሊያጠጧት መስሏቸው ደግመው መረቁ። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ አትሣቅባቸው።

ጥቂት ቆይቶ የታወቀ ጩኸት ሰምተው ቀና ቢሉ፣ ገራም ሆዷን በሰፊ መታጠቂያ ታስራ፣ በብረቱ ክንድ በባሕርና በሰማይ መካከል ተንጠልጥላለች። ሊቁ ቅኔያቸውንም ክብራቸውንም ረስተው፣ ጥምጥማቸው እየተፈታ ሮጡ፤ ሠራተኞቹም "ለሐጂ እጅ ጨብጠው ሸጠዋት የለም ወይ?" አሏቸው።

"ሐጂ፣ ስለ ፈጣሪ! እኔ ሰላምታ ሰጠሁ እንጂ በቅሎ አልሸጥሁም፤ የሟች ሚስቴ አደራ ናት!" አሉ እያለቀሱ።

ሐጂም ወደ ተሰበሰቡት ነጋዴዎች፣ ወደ ሽማግሌውም እንባ ተመለከቱ። "አለቃ፣ በኛ ገበያ የተጨበጠ እጅ አይፈታም" አሉ። ቀጥለውም፣ "እንግዲያውስ አሁን ሻጩ እኔ ነኝ፣ ገዥው እርስዎ" ብለው ያንኑ ልብስ በእጃቸው ላይ ጣል አድርገው ዘረጉ። አለቃ ከልብሱ ሥር ቢዳስሱ፣ የሐጂ ጣቶች አንዳች ዋጋ አልተናገሩም፤ መዳፋቸው ብቻ አጥብቆ ጨበጣቸው። ከረጢቱ እንደ ታሰረ ወደ ሐጂ ተመለሰ፣ ገራምም በዝግታ ወደ ምድር ወረደች፤ አለቃ አንገቷን አቅፈው "እፎይ፣ አመተ ልዑል፣ እፎይ!" አሉ።

በምጽዋ በቆዩባቸው ቀናት ሁሉ አለቃ ሰውን ሁሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በግንባራቸው ብቻ ሰላም አሉ፤ ሐጂ ነስረዲንን ግን ባገኟቸው ቁጥር ሳይፈሩ ጨበጡ፤ እጅ በማያውቀው ቋንቋ የተሳሳተውን፣ የሌላ ሰው ልብ ያርመዋልና።