ድንጋይ የተጫነበት ግንድ

ዊኒፍሬድ ግንዱን ያገኘችው በማዕበሉ ማግስት፣ ገደሉ ባሕር ውስጥ ከሚሰጥምበት ጥግ ነው። ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ ትል ያልበላው። አባቷ ጀምሮት የሞተው ጀልባ ከሥሩ አከርካሪ የሚሆነው ረጅም እንጨት አጥቶ ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ቆሟል። እሷና ታላቅ ወንድሟ ኦስቦርን ሊጨርሱት፣ ጨርሰውም አብረው ዓሣ ሊያጠምዱበት ቃል ተገባብተዋል።

ግማሽ ቀን በገመድና በብረት ዘንግ እየፈነቀለች ሞገድ ከማይደርስበት አወጣችውና ድንጋይ ጫነችበት። በዚያ የኒውፋውንድላንድ ደሴት ዳርቻ ድንጋይ የተጫነበት እንጨት ባለቤት አለው። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ከሆነም በኋላ ልማዱ አልተሻረም። ጻድቅ አይነካውም፤ ኃጥኡም አይነካውም፣ መንደሩ ትንሽ ነዋ፣ የነካው ሁሉ ይታወቃል፣ ይዋረዳል።

ለኦስቦርን ነገረችው። ቅዳሜ በትራክተር እንጎትተዋለን አላት።

ቅዳሜ ቀድማው ስትደርስ ግንዱ የለም። መጀመሪያ ጎብኚዎችን ረገመች። ኋላ ድንጋዩን አየችው። ጎብኚ ቢሆን በእርግጫ ብሎት ይሄድ ነበር፤ ይህን ግን አንድ ሰው በሁለት እጁ አንስቶ፣ በወጉ ጎን ላይ አስቀምጦታል። ልማዱን የሚያውቅ ሰው ነው።

የትራክተሩን ጎማ ዱካ ተከትላ ፓርኩ በር ደረሰች። ግንዱ ለሁለት ተሰንጥቆ የጎብኚ መቀመጫ ሆኗል። መጋዙን የያዘው ኦስቦርን ነው፤ የለበሰው የፓርኩን አረንጓዴ ሸሚዝ።

«ልነግርሽ ነበር» አላት።

ከተቀጠረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ዓሣው እንደ ድሮው አይደለም፣ ደመወዝ ደመወዝ ነው፣ የመጀመሪያ ሥራህ መቀመጫ ነው ብለውኛል፤ ብዙ አወራ። ጀልባውን አንዴም አላነሳውም።

«ድንጋዩን አላየኸውም?»

«አየሁት እንጂ።»

«ታዲያ?»

«ያንቺ ስለሆነ ነዋ የወሰድኩት። የሌላ ሰው ቢሆን እኔ እነካዋለሁ? አንቺ ወንድምሽን አታዋርጂም።»

ዊኒፍሬድን ያንገበገባት፣ እውነቱን መሆኑ ነው። መንገዱን ሙሉ፣ እሱ ከሆነስ ምን ብዬ እሸፍንለታለሁ እያለች ነበር የመጣችው።

ወደ ወደቡ ወረደች። መረብ የሚጠግኑት ሰዎች ግንዱን ስትጎትት አይተዋት ነበርና ገና ከሩቅ እየሳቁ ለከፏት።

«ዊኒ፣ ግንድሽ እግር አወጣ አሉ!»

«ኦስቦርን ነው የወሰደው» አለች።

ሳቁ ተቋረጠ። የትኛው ኦስቦርን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።